ፒስተን ከሌላት መኪና ጋር 14 ወራት፦ የ1973 ኤንኤስዩ ሮ 80 የባለቤት ግምገማ

ከ14 ወራት በፊት በ1973 የተሠራች ነጭ ኤንኤስዩ ሮ 80 ገዛሁ። (በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የምኖረው ጀርመን አገር ሽቱትጋርት አቅራቢያ ሲሆን መኪናዋ የተሠራችበት ኔካርዙልም ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ገዝቼ ሸራ አልብሼ አላስቀመጥኳትም፤ ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ጊዜም ዘመድ ልጠይቅ እስከ ፍራንክፈርት ድረስ ነድቻታለሁ። እስካሁን በእጄ 9,400 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች። ስለዚህች መኪና በየቦታው የሚነገረው «ሞተሯ አይታመንም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔም ስገዛት ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ሞተር ነበር። ከዓመት በላይ አብሬያት ከኖርኩ በኋላ ግን ከመኪናዋ ክፍሎች ሁሉ እምብዛም ያላስቸገረኝ ሞተሯ መሆኑን በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ። ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ እርሱንም በየቦታው እገልጸዋለሁ።

ሮ 80 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በ1967 በፍራንክፈርቱ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። ዋጋዋ 14,150 ማርክ ነበር፤ ይህም እስከዚያ ድረስ በሞተር ብስክሌትና በትንንሽ መኪናዎች ለሚታወቅ ፋብሪካ ትልቅ ድፍረት ነበር። በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ የ1968 የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች፤ ሽልማቱን በመውሰድም ከጀርመን መኪናዎች የመጀመሪያዋ ሆነች። ቅርጿን ያወጣው ክላውስ ሉተ ነው፤ ይኸው ሰው በኋላ ወደ ቢኤምደብሊው ሄዶ የዲዛይን ክፍሉን መርቷል። አፍንጫዋ ዝቅ፣ ጀርባዋ ከፍ ያለ ነው፤ መስኮቶቿ ሰፋፊዎች፣ የጣሪያው ምሰሶዎች ቀጫጭኖች ናቸው። ነፋስን የምትቋቋምበት መለኪያ 0.355 ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናዋ ነፋሱን በቀላሉ ትሰነጥቃለች)፤ በ1960ዎቹ መንገድ ላይ ከነበሩት ሳጥን መሰል መኪናዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ቁጥር የሌላ ዘመን ይመስላል። ባለፈው ክረምት ነዳጅ ስቀዳ አንድ ወጣት ቀርቦ መኪናዋ የ1990ዎቹ ሥራ መሆን አለመሆኗን ጠየቀኝ። ሃምሳ ዓመት እንዳለፋት ስነግረው ሊያምነኝ ስላልቻለ ሊብሬዋን አውጥቼ አሳየሁት።

ሞተሯን ለማስረዳት ከአጎቴ ጋር ያደረግኩትን የስልክ ንግግር ባነሣ ይሻላል። አጎቴ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ ከአርባ ዓመት በላይ መካኒክ ሆነው የሠሩ፣ የቮልስንና የሰይቼንቶን ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱ ሰው ናቸው። መኪናዋን በገዛሁ ሳምንት ደወልኩላቸውና ኮፈኑን ከፍቼ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁት።

«እስቲ ነዳጅ ስጣት» አሉኝ። ሰጠኋት። ጥቂት ዝም ብለው አዳመጡና «ባልቦላዋ አይሰማኝም» አሉ።

«ጋሼ፣ ባልቦላ የላትም። ፒስተንም የላትም።»

ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጡኝም፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ታዲያ ፋሻው የሚቀመጠው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

የዚህን ሞተር ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሊጠየቅ አይችልም። በተለመደው ሞተር ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ በዙሪያው ያለው ፋሻ ደግሞ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ያትማል። ፋሻው ክብ ስለሆነ የሚቀመጥበትም ክብ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል በፈለሰፈው ሞተር ውስጥ ግን ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር፣ ወገቡ ትንሽ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ እየተንከባለለ ይዞራል። ቤንዚንና አየር በአንድ ቀዳዳ ይገባል፣ በሮተሩ ጎንና በቤቱ ግድግዳ መካከል ይታመቃል፣ ይቃጠላል፣ በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። የሚከፈትና የሚዘጋ ባልቦላ አያስፈልግም፤ ሮተሩ ራሱ እያለፈ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሮተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዋናው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የሮ 80 ሞተር እንዲህ ያሉ ሁለት ሮተሮች አሉት፤ ጠቅላላ ይዘታቸው 995 ሲሲ ብቻ ሲሆን የሚሰጡት ጉልበት 115 ፈረስ ነው።

ፋሻው እንግዲህ የሚቀመጠው በሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ ቀጭን የብረት ዘንግ ይይዛል፤ ይህ ዘንግ የቤቱን ግድግዳ በከፍተኛ ፍጥነት እየላሰ ይሄዳል፤ ግድግዳው ሞላላ ስለሆነም የሚነካበት ማዕዘን በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። መኪናዋ በዓለም ፊት ያፈረችው በዚህች ቀጭን ዘንግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች እያንዳንዱ የጫፍ ማሸጊያ ከሦስት ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ሲሆን መካከለኛው ቁራጭ ቶሎ ይበላ ነበር። ማሸጊያው ሲበላ እመቃው ይወርዳል፣ ሞተሩ በጠዋት አልነሣም ይላል፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። 50,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞሉ የተበላሹ ሞተሮች ጥቂት አልነበሩም። ፋብሪካው በዋስትናው መሠረት ሞተር በሞተር እየቀየረ ደንበኞቹን ለማስደሰት ጣረ፤ ወጪው ግን ለትንሽ ኩባንያ የሚቻል አልነበረም። በ1969 ኤንኤስዩ በቮልስዋገን ሥር ከነበረው አውቶ ዩኒየን ጋር ተዋሐደ፤ የዛሬው አውዲ የወጣው ከዚህ ውሕደት ነው። ማሸጊያው በኋላ ተስተካክሏል፤ መካከለኛው ክፍል ፌሮቲክ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ቅይጥ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ሞተሩ ዕድሜ አገኘ። ነገር ግን ስም አንዴ ከጠፋ መመለሱ አስቸጋሪ ነው፤ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስም ተጨመረና ምርቷ በ1977 ሲቆም የተሠሩት 37,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከእነርሱም ውስጥ ብዙዎቹ በቆይታ የቫንክል ሞተራቸው ወጥቶ የፎርድ ቪ4 ሞተር ተተክሎባቸዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አቋም ልናገር። የሞተሩ አሳብ ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ ጥድፊያው ነበር። በዚያው ዘመን ሌሎች ምን እንዳደረጉ ማየት ይበቃል። ሲትሮዬን ባለ አንድ ሮተር ሞተር የገጠመባትን ኤም 35 የተባለች የሙከራ መኪና ከ1969 እስከ 1971 ድረስ በ267 ቅጂ ብቻ ሠርቶ ለታማኝ ደንበኞቹ ሸጣት። ገዢዎቹ የሚነዱት የሙከራ መኪና መሆኑን ያውቁ ነበር፤ በእያንዳንዷ የፊት ፓራፋንጎ ላይም የሙከራ መኪና መሆኗና ተራ ቁጥሯ ተጽፎባት ነበር። ሙከራው ሲያልቅ ፋብሪካው አብዛኞቹን መልሶ ሰበሰበና አጠፋቸው፤ ዛሬ የተረፉት በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ቅርስ የሚታዩ ናቸው። መርሴዲስ ደግሞ ሲ 111 የተባለችውን ብርቱካንማ የሙከራ መኪና በ1969 በሦስት ሮተር፣ በ1970 በአራት ሮተር ሠርቶ 350 ፈረስ ጉልበት ካወጣባት በኋላ፣ ብዙ ገንዘብ ይዘው የመጡ ገዢዎች ቢለምኑትም አንዲትም ለሽያጭ አላቀረበም። የጃፓኑ ማዝዳ ፈቃዱን ከኤንኤስዩ የገዛው በ1961 ነው፤ በኬኒቺ ያማሞቶ የተመራው ቡድን ማሸጊያው ግድግዳውን እየቧጨረ የሚተወውን ጠባሳ «የሰይጣን ጥፍር» ብሎ ሰይሞ ለዓመታት ሲታገለው ኖረ፤ መኪናውንም ለገበያ ያወጣው መፍትሔ ካገኘለት በኋላ ነው። በ1991 የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን ያሸነፈው የማዝዳ መኪና በዚሁ ዘር ሞተር የሚሄድ ነበር። ኤንኤስዩ ግን ገና ያልበሰለውን ሞተር፣ ከዘመኑ መኪናዎች ሁሉ በልጣ በተገኘች መኪና ውስጥ አስገብቶ ሙሉ ዋጋ ለከፈለ ሰው ሸጠ። የሲትሮዬን ደንበኛ ሞካሪ መሆኑን እያወቀ ሞከረ፤ የሮ 80 ገዢ ግን ሳያውቅ ሞካሪ ሆነ። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ የፋብሪካ ኃላፊው መንገድ ላይ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስለነበር ስገዛት ዋናው ጥንቃቄዬ እመቃውን ማስለካት ሆነ። እዚህ ላይ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የሚጠቅም ነገር አለ፤ ተራው የእመቃ መለኪያ ለዚህ ሞተር አይሆንም። አንድ ሮተር ሦስት ፊት ስላለው ተራው መለኪያ ከሦስቱ ከፍተኛውን ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ሁለቱ ፊቶች ሞተው አንዱ ብቻ ደኅና ቢሆን እንኳ ሞተሩ ጤነኛ ይመስላል። እያንዳንዱን ፊት ለየብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። የመኪናዋ ባለቤቶች ማኅበር አባል የሆኑ አንድ አዛውንት መሣሪያቸውን ይዘው ከእኔ ጋር 80 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ለኩልኝ። ስድስቱም ፊቶች ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቁጥር መካከል የነበረው ልዩነት ከግማሽ ባር አይበልጥም ነበር። የቀድሞው ባለቤት ሞተሩን በኋለኛው ማሸጊያ አሳድሶት እንደነበር የሚያሳዩ ደረሰኞችም ከመኪናዋ ጋር ተሰጡኝ። 14,500 ዩሮ ከፈልኩ።

አነዳዷን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቶብኛል። የፍሪሲዮን ፔዳል የላትም፤ ካምቢዮዋ ግን አውቶማቲክ አይደለም። ሦስት ማርሾች አሉ፤ በማርሽ መቀየሪያው እጀታ አናት ላይ ስስ ማብሪያ ተቀብሯል። ጣት እጀታውን በነካ ቅጽበት የኤሌክትሪክ ምልክት ይሄድና ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው መሳብ የሚሠራ ክፍል ፍሪሲዮኑን ይረግጠዋል፤ እጅን ሲያነሡ ይለቀዋል። የፍሪሲዮኑ ደስታ የሚገኘው እጅ ሥርዓቱን ሲማር ነው፤ ነዳጁን ማንሣት፣ እጀታውን መንካት፣ መሳብ፣ መልቀቅ፣ ከዚያ ነዳጁን ቀስ ብሎ መርገጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ልማዴ እጄን እጀታው ላይ አሳርፌ ስነዳ ፍሪሲዮኑ ሳላስበው ይከፈትና ሞተሩ ባዶውን ይጮህ ነበር። ባለቤቴም ተሳፍራ እያለች ቦርሳዋን ከኋላ ለማንሣት ስትዞር ክንዷ እጀታውን ነክቶት መኪናዋ በድንገት ጉልበት አጥታለች። አሁን ግን ቀኝ እጄ ከማርሽ በኋላ ወዲያው ወደ መሪው መመለስን ለምዷል፤ ሌላ መኪና ስነዳም ይህ ልማድ አይለቀኝም።

ሞተሩ ራሱ በድምፅም በንዝረትም ከሌላው ይለያል። ሚኒሞ ላይ ትንሽ ይንገጫገጫል፣ ማርሚታውም እንደ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ይቆራረጣል። በደቂቃ ከ2,500 ዙር በላይ ሲሄድ ግን ንዝረቱ ሁሉ ይጠፋና ድምፁ እንደ ኤሌክትሪክ ማሽን ለስላሳ ይሆናል። ልስላሴው ራሱ አደጋ አለው፤ የሚያስጠነቅቅ መንቀጥቀጥ ስለሌለ ነጂው ሳያውቀው ከልክ በላይ ያስሮጠዋል። ፋብሪካው ይህን ተረድቶ በኋለኞቹ መኪናዎች ላይ ዙሩ ከልክ ሲያልፍ ድምፅ የሚያሰማ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። የእኔዋም አላት፤ በ14 ወራት ውስጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ ጮኻብኛለች፤ ሁልጊዜም ሁለተኛ ማርሽ ላይ፣ ወደ አውራ ጎዳናው ስገባ ነው።

ሞተሩን የሚጎዳው ፍጥነት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። የእኔ ልምድ ግን የሚጎዳው ቅዝቃዜና አጭር መንገድ ነው ይለኛል፤ ያወቅኩትም በራሴ ስሕተት ነው። በኅዳር አንድ ጠዋት ከጋራዡ አውጥቼ ለማጠብ አምስት ሜትር ያህል ነዳኋትና አጠፋኋት። ታጥባ ስታበቃ ሞተሪኖውን ብደጋግመው አልነሣም አለች። ለቀዝቃዛ ሞተር በብዛት የሚሰጠው ቤንዚን ሳይቃጠል በሮተሩ ቤት ውስጥ ቀርቶ ግድግዳውን የሚሸፍነውን ዘይት አጥቦት ነበር፤ ዘይቱ ሲታጠብ ማሸጊያው አያትምም፣ እመቃ አይኖርም፣ እመቃ ከሌለ ደግሞ እሳት የለም። ሁለቱን ካንዴላዎች ፈታሁ፤ ከጫፋቸው ቤንዚን ይንጠባጠብ ነበር። አደረቅኳቸው፤ ሞተሩን ያለ ካንዴላ ለጥቂት ሰከንዶች አዞርኩትና በየቀዳዳው በሻይ ማንኪያ የምትለካ ዘይት ጨመርኩ። ካንዴላዎቹን መልሼ ሳስገባቸው በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች፤ ሰፈሩን ሁሉ በነጭ ጭስ ሸፈነችው። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢያንስ 15 ኪሎ ሜትር የማልሄድ ከሆነ ቁልፉን አልነካም፤ ወደ ገበያም ስወጣ በረጅሙ መንገድ ዞሬ እመለሳለሁ።

መንገድ ላይ ያቆመችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ከሞተሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ሃይልብሮን አጠገብ ከአውራ ጎዳናው ስወጣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ለመመለስ እጀታውን ብነካው ፍሪሲዮኑ አልከፈት አለ፤ ማርሹ ጥርስ በጥርስ እየተፋጨ ጮኸ። ዳር ይዤ ቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደው የጎማ ቱቦ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ክርኑ ላይ ተሰንጥቋል፤ መሳቡ ሁሉ በስንጥቁ ያመልጣል። የተሰነጠቀውን ጫፍ በቢላ ቆርጬ የቀረውን ጎትቼ በመገጣጠሚያው ላይ መልሼ ስቸክለው ቤቴ ድረስ አደረሰኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲህ ያሉትን ቱቦዎች ሁሉ ቀየርኳቸው፤ ጠቅላላ ዋጋቸው ከ40 ዩሮ አልበለጠም። ሃምሳ ዓመት የሞላው መኪና የሚገዛ ሰው መኪናው ጤነኛ ቢመስል እንኳ ጎማ የሆነውን ሁሉ በመጀመሪያው ወር ቢቀይር ብዙ ጭንቀት ይቀርለታል።

ነዳጅ ትጠጣለች፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር ያሰፈርኩት መዝገብ በአማካይ በ100 ኪሎ ሜትር 15.2 ሊትር ያሳያል፤ በአውራ ጎዳና በ120 ስትነዳ ወደ 13 ይወርዳል፣ በከተማ ውስጥ 18 ይደርሳል። በ14 ወራት ለቤንዚን ብቻ ወደ 2,500 ዩሮ አውጥቻለሁ። ዘይትም ትበላለች፤ ይህ ግን ሕመም ሳይሆን አሠራሯ ነው፤ ማሸጊያዎቹ እንዲለሰልሱ ትንሽ ፖምፓ ዘይቱን በልክ ወደ ሮተሩ ቤት ይልካል፣ እርሱም ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ለማይሞላ ዘይት መዘጋጀት ያስፈልጋል። ጥቅም የሚሆነው ባልቦላ ስለሌላት እርሳስ የሌለው የዛሬ ቤንዚን አንዳች አይጎዳትም፤ ሌሎች የዘመኗ መኪናዎች የሚፈልጉትን ማሻሻያ አትፈልግም። በጀርመን ሕግ ከ30 ዓመት በላይ የሆነና በደኅና ይዞታ ያለ መኪና የታሪካዊ መኪና ታርጋ ስለሚሰጠው ዓመታዊ ቀረጧ 191 ዩሮ ብቻ ነው።

ካንዴላን በሚመለከት ያጋጠመኝን ልጨምር። በየካቲት ወር ካርቡራተር ለማስተካከል አንድ ጋራዥ አስገባኋት፤ እዚያ የነበሩት ሰዎች ሳያስፈቅዱኝ ካንዴላዎቹን በተለመደ የፒስተን ሞተር ካንዴላ ቀየሯቸው። በፒስተን ሞተር ውስጥ ካንዴላው ባለበት ቦታ አዲስ አየርና ቤንዚን እየገባ ያቀዘቅዘዋል፤ በዚህ ሞተር ግን ቃጠሎው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሆነ ካንዴላው ዕረፍት የለውም፣ ስለዚህ ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወግድ የተለየ ዓይነት ይፈልጋል። ቤት እንደደረስኩ አዲስ ካንዴላ የገባበትን ሒሳብ ደረሰኙ ላይ ባላነብ ኖሮ በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ሞተሩን አጥቼው ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁን ካንዴላዋን ከራሴ በቀር ማንም አይነካም፤ ሁለት ትርፍ ካንዴላም በመኪናዋ ውስጥ ይኖራል።

ስለ ጉዞዋ ግን ብዙ ብናገር ደስ ይለኛል። የፊት ጎማዎቿ ይነዳሉ፣ አራቱም ጎማዎች የዲስክ ፍሬን አላቸው፣ መሪዋ በዘይት ኃይል የሚታገዝ ነው። ጎማዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሱበት ርቀት ረጅም ስለሆነ የተበላሸ አስፋልት ላይ ትንሳፈፋለች፤ መታጠፊያ ላይ ብዙ ትጋደማለች፣ ነገር ግን መንገዱን አትለቅም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረች ጊዜ ፍራንክፈርት ያሉ እኅቷን ልትጠይቅ በዚህች መኪና ወሰድኳት። በ130 እየሄድን ድምፃችንን ሳናነሣ ከኋላ መቀመጫ ታወራኝ ነበር፤ ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሄደን ስትወርድ ወገቧን ይዛ አላቃሰተችም። በራሴ የዕለት መኪና ስትሄድ ግን ሁልጊዜ ትራስ ትጠይቃለች። የመስኮቶቹ ስፋት ደግሞ ከውጭ ከሚታየው በላይ ከውስጥ ይደነቃል፤ ነጂው አራቱንም ማዕዘን ያያል፣ መኪናዋ 4.78 ሜትር ብትረዝምም በጠባብ ቦታ ማቆም አያስጨንቅም። ይህ ሁሉ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ተራ ነገር ሆነ፤ በ1982 የወጣችው አውዲ 100 የነፋስ መቋቋም መለኪያዋን እስከ 0.30 አውርዳ ስትወደስ፣ መንገዱ ከኔካርዙልም ቀድሞ የተጠረገ መሆኑን ያስታወሱ ጥቂቶች ነበሩ።

የፊት ፍሬኗ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዲስኮቹ እንደሌላው መኪና ከጎማው ጋር አይደሉም፤ ወደ ውስጥ ገብተው ከካምቢዮው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ጎማው ቀላል ስለሚሆን ለጉዞው ምቾት ይጠቅማል፤ ዲስኩን መቀየር ሲያስፈልግ ግን ጎማ የሚያዞሩትን ዘንጎች መፍታት የግድ ነው። በግንቦት ወር ይህን ሥራ ራሴ ስሠራ አንድ ሙሉ ቅዳሜና የእሑድን ከሰዓት ወስዶብኛል፤ በሌላ መኪና ላይ ከሁለት ሰዓት አያልፍም ነበር።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ዝገት ነው። ከበሮቹ ሥር ያሉት ረጃጅም ብረቶች፣ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ የኋላ ጎማዎች ጉልላት፣ የፊት መስታወቱ ዙሪያ፤ ውኃ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ ዝገት ይዟቸዋል። ስገዛት ከላይ ቀለሟ እንከን የለሽ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት በግራ በኩል ከበሩ ሥር ያለውን ብረት በመፍቻ ጀርባ ስመታው ድምፁ እንደ ካርቶን ሆነ፤ ትንሽ ስጫነው ጣቴ ገባበት። ተቆርጦ አዲስ ብረት ተበየደበት፤ 1,900 ዩሮ ከፈልኩ፤ በዚህ 14 ወር ውስጥ ለአንድ ሥራ ከከፈልኩት ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። ሞተሯ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከዘይት፣ ከካንዴላና ከአንድ ጊዜ የካርቡራተር ማስተካከያ በቀር ምንም አላስወጣኝም። ሮ 80 የሚፈልግ ሰው እመቃ ከማስለካቱ በፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ ሥሯን ቢያይ እመክራለሁ። ሞተር ሲበላሽ ማሸጊያውንም፣ ሮተሩንም እያሳደሱ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ የበሰበሰ አካል ግን ከሞተሩ የበለጠ ያስከፍላል፣ የሚተካውም ብረት በቀላሉ አይገኝም።

ለከተማ ተመላላሽ ይህችን መኪና አልመክርም። በየቀኑ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው እጅ ብትገባ በአንድ ዓመት ውስጥ የጥንቱን ክፉ ስሟን ታስመልሳለች። ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የሚታገሥ፣ እጁን ከእጀታው ማንሣት የሚለምድ ሰው ግን በ1967 የታሰበ መኪና ምን ያህል ሩቅ እንዳየ በየጉዞው ያገኘዋል።

ባለፈው ሳምንት እኚያው አዛውንት መለኪያቸውን ይዘው እንደገና መጡልኝ። ሞተሩን አሙቀን፣ ካንዴላዎቹን ፈትተን፣ በመጀመሪያው ሮተር ላይ ሦስት፣ በሁለተኛውም ሦስት ቁጥሮች መዘገብን። በ9,400 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንዱም ፊት አልወረደም። ለአጎቴ ደውዬ ስድስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ስነግራቸው «ፋሻው ይዟል ማለት ነው» አሉኝ፤ ስለ ቀኙ በር ሥር ብረት ግን ገና አልነገርኳቸውም፤ እርሱን በሚቀጥለው ወር አስቆርጠዋለሁ።